ለውዝ፣ እንቁላልና ወተት ለማይስማማው ልጄ ያገኘሁት መክሰስ

ልጄ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ቦርሳውን ወርውሮ ወደ ኳስ ነው። የለውዝ፣ የእንቁላልና የወተት አለርጂ ስላለበት መክሰሱ ሙዝና ዳቦ ብቻ ነበር፤ ወዲያው ይርበዋል። መላው ሽምብራ ሆነ። ሐኪሙ እንደማያስቸግረው ካረጋገጠልኝ ወዲህ ማታ እዘፈዝፈዋለሁ፤ ጠዋት አጠንፍፌ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ በብረት ምጣድ ጠቆር ጠቆር እስኪልና ሲነከስ ኮሽ እስኪል እቆላዋለሁ። ጨውና ቅንጣት ሚጥሚጣ ጣል ይደረግበታል (ልጄ ነው ያዘዘኝ!)። 100 ግራም ደረቅ ሽምብራ ወደ 20 ግራም ፕሮቲን አለው። አንዳንዴ ሱፍ እቀላቅልበታለሁ።

የሱቅ ቆሎ ግን አልገዛም፤ ለውዝ ባይታይበትም ለውዝ በተቆላበት ምጣድ የተቆላ ሊሆን ይችላል። ትንንሽ ልጆችን ፍሬው ሊያንቃቸው ስለሚችል፣ ለእነሱ ሽምብራውን ቀቅሎ አድቅቆ ዳቦ ላይ መቀባት ይሻላል።