ጠጠሩ ከሐዲዱ እንዳይሸሽ

የሞዴል ባቡር የምትሠሩ ሁሉ፣ ሐዲድ ላይ ጠጠር ስታጣብቁ ኮላውን በቀጥታ አታፍስሱ። በመጀመሪያ ሙከራዬ ኮላው እንደ ጤዛ ተድቦልቡሎ ጠጠሩን ጠቅልሎ ይዞት ሄደ፤ ሐዲዱ ባዶውን ቀረ። መላው አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ነው። ሳሙናው የውሃውን የገጽ ውጥረት ስለሚቀንሰው ፈሳሹ ሳይንከባለል በጠጠሩ መካከል ይሰርጋል።

ጠጠሩን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ከሐዲዱ ሥር ከተጋደሙት አግዳሚዎች ላይ ጠርጋችሁ አስተካክሉ። ከዚያ ሳሙና ጠብ ያለበትን ውሃ በመርጫ ከፍ አድርጋችሁ ንፉት፤ እንደ ካፊያ ራሱ ይውረድ። ገና እርጥብ እንዳለ ነጭ የእንጨት ኮላ በእኩል ውሃ በጥብጣችሁ በመርፌ (በሲሪንጅ) ጠብ ጠብ አድርጉበት። ሐዲዱ በሚከፈልበት ቦታ ግን እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ፤ ተንቀሳቃሹ ምላስ አንዴ ከተጣበቀ ማላቀቁ አሳር ነው። ሌሊቱን ይደር፣ አትነካኩት። ጠዋት የሐዲዱን አናት በጨርቅ ጥረጉ፤ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በዚያ ነውና።

ትልልቅ ጠጠር ደግሞ ሥራውን ያበላሻል። በ1 ለ 87 ልኬት፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ሲያንስ፣ የ5 ሴንቲሜትር ድንጋይ 0.6 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ እኔ አሸዋዬን በሻይ ማጥለያ ነው የምነፋው። የለገሐሩን የድሮ ባቡር ለመሥራት የምታስቡ ካላችሁ፣ የዚያ መስመር ስፋት (በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል ያለው) 1 ሜትር ስለነበር በዚህ ልኬት የሚስማማችሁ ባለ 12 ሚሊሜትሩ ሐዲድ ነው።