ከገጠር ሜዳ ወደ ኤኤፍኤል፦ ከሜልበርን ውጭ ፉቲ ለሚጫወት ልጅ

የአውስትራሊያ እግር ኳስ፣ ባገሩ ስም «ፉቲ»፣ በሞላላ ሜዳ ላይ 18 ለ18 ሆነው በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት ነው፤ ከፍተኛው ሊጉ ኤኤፍኤል ይባላል። ጎል 6 ነጥብ፣ በጎሉ ቋሚና ከጎኑ ባለው የዳር ቋሚ መካከል ያለፈች ደግሞ 1 ነጥብ ታስገኛለች። ከቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ ከሜልበርን ርቆ የሚጫወት ልጅ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ምቱን ያስተካክል። ፍጥነት ተፈጥሮ የምትሰጠው ነገር አለበት፤ ምት ግን በልምምድ ብቻ ይመጣል።

ዋናው ምት ድሮፕ ፓንት ነው፤ ከእጅ የተለቀቀችው ኳስ መሬት ሳትነካ የምትመታበት። ኳሷን ሁለት ጎኗን በተዘረጉ ጣቶች ይዘህ አቁማት፤ የላይኛው ጫፏ ትንሽ ወደ አንተ ያዘንብል። በቀኝ የምትመታ ከሆነ ኳሷን ቀኝ ጭንህ ፊት ለፊት ያዛት፤ ግራ እጅህን አስቀድመህ ልቀቅ፣ እስከ ወገብህ ዝቅ አድርጎ የሚያወርዳት ቀኝ እጅህ ነው። ጣቶችህን ወጥረህ፣ ቁርጭምጭሚትህን አጥብቀህ፣ በጫማህ ማሰሪያ ላይ ባለው ጠንካራ አጥንት የታችኛውን ጫፏን ምታ። በትክክል ከተመታች ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ወደ ጎን እየተንገዋለለች ከሄደች ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከእግርህ ሳይሆን ከእጅህ ነው፦ ወደ ላይ ወርውረሃታል ወይም በሁለት እጅ እኩል ለቀሃታል። ከከፍታ ስትለቃት ደግሞ ነፋስ ይቀድምሃል፤ የገጠር ሜዳ ብዙውን ጊዜ ክፍት ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መጀመሪያ በ15 ሜትር ላይ 30 ምት በቀኝ፣ 30 በግራ ለምድ፤ ከአሥሩ ስምንቱ የጓደኛህ ደረት ላይ ካላረፉ ርቀት አትጨምር። በልምምዱ መሃል ብሽሽትህን ወይም ጭንህን ካመመህ ያን ቀን አቁም።

ኳሷን ይዘህ ስትሮጥ ቢያንስ በየ15 ሜትሩ መሬት አንጥራት ወይም አስነካት። ለጓደኛህ በእጅ ስትሰጥ በአንድ መዳፍህ ይዘህ በሌላው ጡጫህ ምታት፤ መወርወር ጥፋት ነው።

መንገዱ ከሰፈር ክለብ ወደ ቪክቶሪያ የታዳጊዎች ሊግ፣ ወደ ኮትስ ታለንት ሊግ ነው፤ ቤንዲጎ ፓዮኒርስ፣ መሬይ ቡሽሬንጀርስና ጊፕስላንድ ፓወር የክፍለ ሀገር ልጆች የሚጫወቱባቸው ቡድኖች ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከደቡብ ሱዳን ወላጆች ተወልዶ በቪክቶሪያዋ የሞርዌል ከተማ ያደገው ቻንግኮት ጂያት በጊፕስላንድ ፓወር አልፎ የኤኤፍኤል ክለብ የሆነው ሆውቶርን ገብቷል። ለኤኤፍኤል የተጫዋቾች ምርጫ በዚያው ዓመት እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። በአካል ብቃት ፈተናው የ20 ሜትር ሩጫ፣ ዝላይና የ2 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ። ሁለቱ ኪሎ ሜትር ላይ ብዙዎች የሚወድቁት መጀመሪያውን 400 ሜትር ፈጥነው ስለሚሮጡ ነው፤ እኩል ፍጥነት ያዝ።

ካልተመረጥክ መንገዱ አልተዘጋም። ከኤኤፍኤል በታች ባለው በቪኤፍኤል ወይም በገጠር ሊግ ከአዋቂዎች ጋር ተጫወት። እዚህ አንድ ነገር እወቅ፦ በቪክቶሪያ የገጠር ሊጎች እያንዳንዱ ተጫዋች ከጎል ነጥብ የተለየ የራሱ ነጥብ ይሰጠዋል፣ ክለቡ የሚያሰልፋቸው ተጫዋቾች ነጥብም ከተወሰነ ድምር ማለፍ አይችልም። ባደግህበት ክለብ 1 ነጥብ ብቻ ትይዛለህ፤ ስትዛወር ግን ነጥብህ ሊጨምርና አዲሱ ክለብ ሊከብደው ይችላል። ስለዚህ ለጥቂት ዶላር ብለህ በየዓመቱ አትዟዟር። ክፍያውን፣ የነዳጁን ወጪና ስትጎዳ የሚሆነውን በጽሑፍ አስፈርም።

ጭንቅላትህን ተመትተህ ከዞረብህ ያኔውኑ ከሜዳ ውጣ። በማኅበረሰብ ደረጃ ሕጉ ቢያንስ 21 ቀን ከጨዋታ ያርቅሃል፤ ወደ ሙሉ ግጭት ልምምድ ከመመለስህ በፊትም የሐኪም ፈቃድ ያስፈልግሃል።