ታጥቦም የማይጠራ ቸርኬ፦ ችግርና መፍትሄ

የመጀመሪያ መኪናዬን ቸርኬ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈትጌው አውቃለሁ። ቆሻሻው ለቀቀ። ማብረቅረቁም አብሮት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቀለም የተቀባ ቸርኬ ላይ ያለው ቆሻሻ ምን እንደሆነ ሳላይ እጄን አላነሳም። ሁሉም ጥቁር ነገር አንድ አይደለም፤ መድኃኒቱም እንደዚያው።

ከማንኛውም ሥራ በፊት ቸርኬው ይቀዝቅዝ። ከመንገድ እንደገባችሁ ከተነሳችሁበት ሳሙናውም ኬሚካሉም ሳይሠራ ላዩ ላይ ደርቆ ይቀራል። የጋለ የፍሬን ዲስክም ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ሊጣመም ይችላል። ባልዲውና ስፖንጁ ደግሞ ለቸርኬ ብቻ ይሁን። ስፖንጁ ውስጥ የቀረው ብናኝ ኮፈኑን ሲሞነጫጭር በኋላ ነው የሚታየው።

የፊቶቹ ጥቁር፣ የኋላዎቹ ንጹህ

ይሄ ጤነኛ ነው። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ስለሚጫን አብዛኛው ሥራ የፊት ፍሬኖች ላይ ይወድቃል። የፍሬን ሸራውና ዲስኩ ሲፋተጉ የሚወጣው ብናኝ የብረት ቅንጣት አለበት። ትኩስ ሆኖ ይወጣና ቀለሙ ላይ ይለጠፋል፤ እርጥበት ሲነካው ይዝጋል። ሻምፑ የማያስለቅቀው፣ በጣት ሲዳሰስ የሚሻክረው ቡናማ ነጠብጣብ እሱ ነው። ብዙ ሰው ቸርኬው የዛገ መስሎት ይደነግጣል። የዛገው ላዩ ላይ የተቀመጠው ብናኝ ነው።

ብናኙ የሰሞኑ ከሆነ በውሃ በደንብ አርጥቡት፤ በመኪና ሻምፑና በለስላሳ ብሩሽ ይለቃል። በደረቁ አትጥረጉት፣ ያኔ ብናኙ ራሱ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። የቆየ ከሆነ ብረት የሚያሟሟ የቸርኬ ማጽጃ ያስፈልጋል። ብረቱን ሲያገኝ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል። ሽታው የገማ እንቁላል ነው፣ ልማዱ ስለሆነ አትደንግጡ። ጥላ ቦታ ርጩት፣ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁ፣ ሳይደርቅ በብዙ ውሃ እጠቡት። በአንድ ዙር ካልለቀቀ ሁለተኛ ዙር ድገሙ እንጂ ብሩሹን አታጥብቁት።

ከአራቱ አንዱ ብቻ ቶሎ ይጠቁራል

እዚህ ላይ ማጠቡን አቁሙና ፍሬኑን አስቡ። ግራና ቀኙ ተመሳሳይ ካልሆነ አንዱ ፍሬን ይዞ አልለቅ እያለ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ነድታችሁ ስትቆሙ እጃችሁን ሳታስነኩ ወደ ቸርኬው አስጠጉ። ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ሙቀት ከመጣ መካኒክ ይየው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ቀለሙ ከውስጥ በኩል ሲለሰልስ፣ ሲያብጥና ሲላጥ ነው። እርጥበትም ካያችሁ የፍሬን ዘይት መፍሰሱን ጠርጥሩ። የተለመደው የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ወዲያው በብዙ ውሃ አጥባችሁ የዘይቱን መጠን እዩ። ፍሳሹ ሳይጠገን መኪናው መነዳት የለበትም፤ የቀለሙ ነገር ይደርሳል።

ታጥቦ ደመና የለበሰ ይመስላል

ይሄ ቆሻሻ ሳይሆን ቁስል ነው። ከቀለሙ በላይ የሚረጨው ክሊር በጠንካራ ኬሚካል ሲበላ ይደበዝዛል። ተረጭቶ ወዲያው ቆሻሻውን ውልቅ የሚያደርግ ማጽጃ ብዙ ጊዜ አሲድ አለበት። አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው የፍሎራይድ አሲድ ለቆዳም፣ ለአጥንትም አደገኛ ነው። በረኪና፣ የምድጃ ማጽጃና የዕቃ ሽቦም ከቸርኬ ይራቁ። ክሊሩ ገና ካላለቀ በስሱ የመኪና ፖሊሽ ይመለሳል። ካለቀ ግን ያለው አማራጭ ማስቀባት ብቻ ነው። የማያብረቀርቅ ማት ቀለም ከሆነ ደግሞ ፖሊሽ አታስነኩት፤ እዚያም እዚያም አብረቅርቆ ይቀራል።

ነጭ ክብ ክብ ምልክትና ጥቁር ነጠብጣብ

ነጩ ውሃው ሲተን የተወው ማዕድን ነው። አቼቶ (ኮምጣጤ) በእኩል ውሃ በጥብጡ፣ በጨርቅ አስነኩት፣ ደቂቃ ሳይሞላ እጠቡት። ሌላ ጊዜ ሳይደርቅ በጨርቅ አድርቁት። ጥቁሩና የሚያጣብቀው ሬንጅ ነው። ጨርቅ ላይ ትንሽ ነጭ ጋዝ አድርጋችሁ ያዙበት፣ ሲለሰልስ ጥረጉት፣ ከዚያ በሻምፑ እጠቡ። መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩ። ቲነር ግን አይሆንም፣ በተለይ በቆርቆሮ ስፕሬይ የተቀባን ቀለም አሟሙቶ ነው የሚያወርደው።

ከቀለሙ ሥር ትል የመሰለ መስመር

የአሉሚኒየም ቸርኬ ድንጋይ ሲመታው ወይም የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሲልጠው እርጥበትና ጨው በዚያች ቀዳዳ ይገባሉ። ከዚያ ከቀለሙ ሥር እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ። የብረት ቸርኬ ከሆነ ትል ሳይሆን እብጠት ይታያል። ሁለቱንም ማጠብ አያድናቸውም። ጤነኛው ብረት እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚገባውን መነሻ ቅብ) መቀባት፣ ቀለም፣ ከዚያ ክሊር። ላዩን ብቻ ቀብቶ ማለፍ ግን ሥሩን ትቶ ቅጠሉን መቁረጥ ነው፤ ትሉ ጉዞውን ይቀጥላል።

ከታጠበ በኋላ መሪው ይንቀጠቀጣል

የግፊት ውሃ ወይም ኃይለኛ ማጽጃ የባላንስ እርሳሱን (የጎማውን ሚዛን የሚጠብቀውን ትንሽ ክብደት) አስለቅቆት ይሆናል። ወይም ጭቃው ከፊሉ ለቆ ከፊሉ በውስጥ በኩል አንድ ጎን ተጋግሮ ቀርቷል። መጀመሪያ ውስጡን እዩ፣ ጭቃ ከሌለ ባላንስ አሠሩ። ስታሠሩም በጠርዙ ላይ የሚቆነጠጠውን ሳይሆን በውስጥ የሚለጠፈውን እርሳስ ጠይቁ። ቆንጣጩ ቀለሙን ይልጠዋል።

ንጹህ ሆኖ እንዲቆይ

ንጹህና ደረቅ ቸርኬ ላይ ሰም ወይም ሲላንት (ሰው ሠራሽ የቀለም መከላከያ ቅባት) ቀቡ። ሰሙ በፍሬኑ ሙቀት ቶሎ ስለሚያልቅ እኔ ሲላንቱን እመርጣለሁ። ጥቅሙ ብናኙ እንዳይመጣ ማድረጉ አይደለም፤ ሲመጣ በቀላሉ እንዲታጠብ ነው። ጎማው ተፈትቶ ከሆነ የቸርኬውን ውስጥም አትርሱት። አዲስ የተቀባ ከሆነ ግን ቀለሙ በደንብ እስኪጠነክር ሰም አይነካውም፤ ጊዜውን ቀቢውን ጠይቁ። የሚቀባው ነገር ዲስኩ ላይ በፍጹም እንዳይደርስ፣ ፍሬን አይዝላችሁም።

ራሳችሁ የምትቀቡ ከሆነ ዳዶዎቹ (ጎማውን የሚያስሩት) የሚቀመጡበትን ቦታና ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበትን ፊት በወረቀት ሸፍኑ። እዚያ ላይ የወፈረ ቀለም ሲሰባበር ዳዶው ይላላል። ጎማው ተመልሶ ከታሰረ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ዳዶዎቹን ደግማችሁ አጥብቁ።