የደም መጣጭ ታሪክ እያነበቡ ዳቦ እንዴት እንደሚጋገር

ለወጣቶች የሚጻፉ ልዕለ ተፈጥሯዊ ልብ ወለዶች፣ ማለትም ደም መጣጮች፣ መናፍስት፣ ጠንቋዮችና ወደ አውሬ የሚለወጡ ሰዎች የሚመላለሱባቸው ታሪኮች፣ አንዴ ከያዙ አይለቁም። በቤት የሚጋገር ዳቦ ደግሞ ከሠሪው የሚፈልገው ሥራ ጥቂት፣ የሚጠይቀው ትዕግሥት ግን ብዙ ነው። ስድስት ሰዓት ገደማ ከሚወስደው ሂደት ውስጥ እጅ ሊጥ የሚነካበት ጊዜ ቢደመር ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ የቀረው መጠበቅ ነው። በዚህ ምክንያት ሁለቱን ማጣመር ቀላል ይመስላል። አስቸጋሪ የሚያደርገው መጽሐፉም ሊጡም አንባቢውን በአንድ ሰዓት መፈለጋቸው ነው፤ ሊጡ ደግሞ ምዕራፉ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር የታሪኩ ጡዘት ሊጡ ሰው በማይፈልግበት ሰዓት ላይ እንዲውል ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

መጽሐፉን መምረጥ

በእንግሊዝኛ የሚታተሙት የዚህ ዘርፍ መጻሕፍት በአብዛኛው ከ60,000 እስከ 90,000 ቃላት ይይዛሉ። በደቂቃ 250 ቃላት ለሚያነብ ሰው 75,000 ቃላት ያለው መጽሐፍ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ይህም ከዳቦው የጥበቃ ጊዜ ጋር ተቀራራቢ ነው። እኔ የምመርጠው ምዕራፎቹ አጫጭር የሆኑትን ነው፤ አንድ ምዕራፍ በአሥር ወይም በአሥራ አምስት ደቂቃ የሚያልቅ ከሆነ፣ የሊጡ ሰዓት ሲደርስ መጽሐፉን አስቀምጦ መነሣት ብዙ አይከብድም።

የዚህን ዘርፍ ንባብ ጣዕም የሚሰጠው የታሪኩን ዓለም ሕግ ቀድሞ መያዝ ነው። መናፍስቱን ማን ያያቸዋል? ኃይሉ ባለቤቱን ምን ያስከፍለዋል? ምንስ ያቆመዋል? መልሱ ከደራሲ ደራሲ ይለያያል። ለምሳሌ ብዙ አንባቢ ደም መጣጭ ሁሉ የፀሐይ ብርሃን ሲነካው የሚጠፋ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ድራኩላ ኃይሉ ቢቀንስም በቀን ብርሃን ይንቀሳቀሳል። ደም መጣጭ በፀሐይ ብርሃን ሲጠፋ የታየው እ.ኤ.አ. በ1922 በወጣው ኖስፌራቱ በተባለው የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም ውስጥ ነው። ከሌላ መጽሐፍ የተወረሰ ሕግ ይዞ የሚገባ አንባቢ ታሪኩን ከማጣጣም ይልቅ «ይህማ አይሆንም» እያለ ከደራሲው ጋር ሲሟገት ይውላል። ስለዚህ አንድ ደብተር አጠገብዎ ያስቀምጡና በአንዱ ገጽ የታሪኩን ሕጎች፣ በሌላው ገጽ ደግሞ ሊጡ የተቦካበትን ሰዓትና የክፍሉን ሙቀት ይመዝግቡ። ይህ ምዝገባ ወደ ሙከራው ስንደርስ ያስፈልጋል።

መመዘንና ማቡካት

ለአንድ ዳቦ 500 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 350 ግራም ለብ ያለ ውሃ፣ 10 ግራም ጨውና 3 ግራም ፈጣን ደረቅ እርሾ ይመዝኑ። ውሃውም ጭምር በሚዛን ነው የሚለካው። በኩባያ መለካት ይቀላል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይሁን እንጂ አንድ ኩባያ ዱቄት እንደ አሞላሉ ከ120 እስከ 150 ግራም ሊመዝን ስለሚችል፣ በአራት ኩባያ ላይ የሚፈጠረው ልዩነት ሊጡን ከለስላሳ ወደ ደረቅ ለመለወጥ ይበቃል። አነስተኛ ዲጂታል ሚዛን ለዚህ ሥራ ከማንኛውም ውድ ማቡኪያ ማሽን ይበልጣል። ውሃው እጅን የሚያቃጥል መሆን የለበትም፤ እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ይሞታል።

ሁሉንም በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ደረቅ ዱቄት እስከማይታይ ድረስ ያዋሕዱና ከድነው ለ30 ደቂቃ ይተዉት። ማሸት አያስፈልግም፤ ዱቄቱ ውሃ ሲጠጣ በውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች ተያይዘው ግሉተን የሚባለውን ለጠጥ የሚል መረብ በራሳቸው መሥራት ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ እጅዎን በውሃ አርጥበው የሊጡን አንድ ጎን ወደ ላይ ይሳቡና ወደ መሃል ያጥፉት፤ ሳህኑን እያዞሩ አራቱንም ጎን እንዲሁ ያድርጉ። ይህ አንድ ደቂቃ እንኳ አይወስድም። በየ30 ደቂቃው ሦስት ጊዜ ይደጋግሙት። ሰዓቱን ለማስታወስ ስልክ ባይጠቀሙ ይመረጣል፤ ማንቂያውን ለማጥፋት ስልክ ያነሣ ሰው መልእክት ሲያነብ ቆይቶ ወደ መጽሐፉም ወደ ሊጡም ሳይመለስ ይቀራል። ተራ የኩሽና ሰዓት ይበቃል። ጥሬ ዱቄት ጎጂ ባክቴሪያ ሊኖረው ስለሚችል ሊጡን አይቅመሱ፤ ገጽ ከመግለጥዎ በፊትም እጅዎን ታጥበው ያድርቁ።

ሊጡ ኩፍ ሲል

አብዛኛው ዳቦ የሚበላሸው እዚህ ነው። የአሠራር ጽሑፎች «ሁለት ሰዓት ይጠብቁ» ይላሉ፤ እርሾ ግን የሚሠራው በሙቀት እንጂ በሰዓት አይደለም። ከላይ በተጠቀሰው መጠን የተዘጋጀ ሊጥ 24 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ በሁለት ወይም በሁለት ሰዓት ተኩል እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ሦስት ሰዓት ሊያልፍ ይችላል፤ በሞቃት ቀን ደግሞ ከተባለው ሰዓት በፊት ደርሶ ያልፋል። በዚህ ላይ አንባቢው ልብ አንጠልጣይ ምዕራፍ ውስጥ ከሆነ፣ «ይህችን ገጽ ልጨርስ» ሲል ሌላ አርባ ደቂቃ ይነጉዳል። የሳህኑ ቅርጽም ያታልላል፤ ከላይ የሚሰፋ ሳህን ውስጥ ያለ ሊጥ በእውነት እጥፍ ሲሆን ለዓይን ግማሽ ያህል ብቻ የጨመረ ይመስላል።

ለዚህ የማውቀው ከሁሉ የተሻለ መፍትሔ ከሊጡ ጥቂት ቆርሶ ይዞ መሄድ ነው። ከመጀመሪያው ማጠፍ በኋላ 30 ግራም ያህል ሊጥ ይቁረጡና ጎኑ ቀጥ ባለ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ጠቅጥቀው ያስገቡት፤ የላይኛውን ጫፍ በላስቲክ ቀለበት ምልክት ያድርጉበትና እንዳይደርቅ አፉን ይሸፍኑት። ብርጭቆውን ወደሚያነቡበት ቦታ ይውሰዱና ከመጽሐፉ አጠገብ ያስቀምጡት። አንድ ሁኔታ ግን አለ፤ ትንሽ ሊጥ የአካባቢውን ሙቀት ቶሎ ስለሚወስድ፣ ንባቡ ሳህኑ ካለበት ክፍል ውስጥ ወይም ሙቀቱ ተመሳሳይ በሆነ ክፍል ውስጥ መሆን አለበት። ኩሽናው ቀዝቃዛ ሆኖ አንባቢው በፀሐይ መስኮት ሥር ከተቀመጠ፣ ብርጭቆው ሳህኑን ቀድሞ ይደርሳል፤ ምልክቱም ያሳስታል። ሁኔታው ከተስተካከለ ግን ገጽ በገለጡ ቁጥር ዓይን ብርጭቆው ላይ ያርፋል፤ ሊጡ ከምልክቱ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መጽሐፉ የሚዘጋበት ሰዓት ደርሷል ማለት ነው።

ሰዓቱ ያለፈበት ሊጥ ምን ይሆናል? የግሉተኑ መረብ ይደክማል፣ ጋዙን መያዝ ያቅተዋል፣ መሃሉ ይሰረጉዳል፣ አልኮል አልኮልም ይሸታል። እንዲህ ያለውን ሊጥ ወደ ኦቨን ማስገባት ጠፍጣፋና ቅርፊቱ የገረጣ ዳቦ ያስከትላል። በመጀመሪያው ኩፍታ ላይ ከተደረሰበት ግን ተስፋ አይቆረጥም፤ ጋዙን በቀስታ አስወጥተው ቅርጽ ይስጡትና ሁለተኛውን ጥበቃ ያሳጥሩት። በጣም ከላላ ደግሞ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ዘርግተው በጣት እየጠቀጠቁ ቂጣ መሰል ዳቦ ቢጋግሩት ይሻላል።

የደረሰውን ሊጥ ጥቂት ዱቄት በተነሰነሰበት ገበታ ላይ ገልብጠው ጠርዞቹን ወደ መሃል በማጠፍ ያድበልብሉት፤ በመጋገሪያ ወረቀት ላይም ያኑሩት። ከዚህ በኋላ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በክፍሉ ሙቀት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት አቆይቶ በዚያው ቀን መጋገር ነው። መድረሱ የሚታወቀው ዱቄት በነካው ጣት ጎኑን በቀስታ በመጫን ነው፤ ጉድጓዱ ወዲያው ከተመለሰ ጊዜ ይቀረዋል፣ ቀስ ብሎ በከፊል ከተመለሰ ደርሷል፣ ጨርሶ ካልተመለሰ አልፏል። ሁለተኛው ደግሞ ለአንባቢ የሚመረጠው ነው፤ ሊጡ ቅርጽ እንደተሰጠው ሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር። ወደ 4 ዲግሪ በሚጠጋ ቅዝቃዜ እርሾው ሥራውን እጅግ ስለሚያዘገይ፣ ሊጡ ከስምንት እስከ 16 ሰዓት ድረስ ያለ ጉዳት ይቆያል፤ ጣዕሙም ይጎላል። ይሁን እንጂ የሊጡ መሃል እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለሚወስድ በዚያ ጊዜ ውስጥ ማደጉን አያቆምም፤ ስለዚህ የሚያሳድር ሰው የመጀመሪያውን ኩፍታ እጥፍ እስኪሆን መጠበቅ የለበትም፣ ከግማሽ ትንሽ በላይ ሲጨምር ማቆም አለበት። ሊጡ ፍሪጅ ከገባ በኋላ ማታው በሙሉ የመጽሐፉ ነው፤ የመጨረሻዎቹ መቶ ገጾች ያለ አንዳች መቋረጥ የሚነበቡት በዚህ ሰዓት ነው።

መጋገርና ማብረድ

ክዳን ያለውን ከባድ የብረት ድስት ኦቨን ውስጥ ከትተው በ230 ዲግሪ ለ45 ደቂቃ ያግሉት። ከፍሪጅ የወጣ ሊጥ መሞቅ አያስፈልገውም። የሊጡን ገጽ በምላጭ ይሰንጥቁ፣ በወረቀቱ ይዘው ወደ ድስቱ ያውርዱት፣ ከድነው 30 ደቂቃ፣ ክዳኑን አንሥተው ደግሞ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጋግሩት። ክዳኑ ከሊጡ የሚወጣውን እንፋሎት ስለሚይዝ ቅርፊቱ ቶሎ ሳይደርቅ ዳቦው እንዲነሣ ያደርጋል። በዚህ ሰዓት ከኦቨኑ ርቆ ማንበብን አልመክርም፤ ኦቨኖች በሚያሳዩት ቁጥርና በእውነተኛው ሙቀታቸው መካከል ልዩነት ስለሚኖር፣ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች መወሰን ያለበት ዓይን ነው።

ዳቦው ሲወጣ በሽቦ መደርደሪያ ላይ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይቀመጥ። ውስጡ ያለው ስታርች የሚረጋው ሲበርድ በመሆኑ፣ ትኩሱን የተቆረጠ ዳቦ የበሰለ ቢሆንም እንኳ ሙጫ ሙጫ ይላል። ሊጡን ሳያሳድር በአንድ ቀን የሚጨርስ ሰው የታሪኩን ጡዘት ማቆየት ያለበት ለዚህ ሰዓት ነው።

ከታሪኩ ጋር የሚሄድ ሙከራ

ይህ መሠረታዊ ዳቦ አንድ ሁለት ጊዜ ከተሳካ በኋላ ከሚነበበው ታሪክ መልክ እየተዋሱ መሞከር ይቻላል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ውሃውም፣ ዱቄቱም፣ ሙቀቱም በአንድ ቀን ከተለወጡ፣ ዳቦው ቢበላሽም ቢያምርም ምክንያቱ የትኛው እንደሆነ ደብተሩ ሊነግር አይችልም።

የደም መጣጭ ታሪክ የሚያነብ ሰው ቀድሞ የሚመኘው ቀይ ዳቦ ነው፤ ለዚህም የቀይ ሥር ጭማቂ በውሃው ምትክ ይገባል። ሊጡ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ያስደስታል፤ ከኦቨን ሲወጣ ግን ቅርፊቱ ቡናማ፣ ውስጡም የደበዘዘ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ የቀይ ሥር ቀለም ሙቀትን አይችልም። አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ መጨመር ቀለሙን በከፊል ያቆየዋል። ኬክና ብስኩት ላይ ግን ቤኪንግ ሶዳ ሲገባ የቀለሙ መፍረስ ይፋጠናል። የቀይ ጥቅል ጎመን ጭማቂ ጠባዩ ሌላ ነው፤ በአሲድ ውስጥ ይቀላል፣ በቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይለወጣል፤ ስለዚህ ለጠንቋይ ታሪክ የሚሆን ብስኩት የሚፈልግ ሰው ያለ ሰው ሠራሽ ቀለም ሊሠራው ይችላል።

ጥቁር ዳቦ ለሚፈልጉ የከሰል ዱቄት የሚመክሩ ብዙዎች ናቸው። ለዚህ የሚሸጠው ከሰል መድኃኒት ከሰውነት ጋር እንዳይዋሐድ የማድረግ ጠባይ ስላለው፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ባለበት ቤት ባይገባ ይሻላል። ካካዎ ይበቃል፤ ለ500 ግራም ዱቄት 25 ግራም ካካዎና 20 ግራም ያህል ተጨማሪ ውሃ ይጨምሩ። የጠቆረ ሊጥ በዓይን መብሰሉ ስለማይታወቅ ቴርሞሜትር በዳቦው መሃል ይትከሉበት፤ 95 ዲግሪ ካላሳየ ተጨማሪ አምስት ደቂቃ ይቆይ።