ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራ ከኮምፒውተር ጋር ስታገናኙ

ርቀት የምትለኩበት ባለ ሁለት ሌንስ ካሜራችሁ ምስሉ እየተቆራረጠ ካስቸገረ፣ ካሜራው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት የሰካችሁበትን ቀዳዳ እዩ። ዩኤስቢ 2 በሰከንድ ቢበዛ 480 ሜጋቢት ነው የሚያሳልፈው፣ ዩኤስቢ 3 ግን እስከ 5 ጊጋቢት። ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው እሱ ነው። የዩኤስቢ ማከፋፈያ ይቅርባችሁ፤ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት።

ዋናው ጣጣ ካሊብሬሽን ነው፤ ሶፍትዌሩ ርቀቱን በትክክል እንዲያሰላ ሁለቱን ሌንሶች ማስተዋወቅ ማለት ነው። ለዚህ እንደ ዳማ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ ካሬ ያለበት ወረቀት ያስፈልጋል። እኛ ቱሉ ዲምቱ ያለን ሰዎች ለሱ ብለን መሀል ከተማ አንሄድም፤ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ያትመዋል። ከታተመ በኋላ ግን የአንዱን ካሬ ጎን በማስመሪያ ለኩ። ፕሪንተሩ ገጹን ለማስማማት መጠኑን ስለሚቀንስ፣ 25 ሚሊሜትር ያላችሁት 24 ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ለሶፍትዌሩ የምትነግሩት የለካችሁትን ነው። እሱ ከተሳሳተ ርቀቱ ሁሉ በዚያው ልክ ይዛባል። ወረቀቱን መስታወት ወይም ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ለጥፉት፤ ካርቶን ይጎብጣል። ከዚያ እያዘነበላችሁ፣ እያራቃችሁና እያቀረባችሁ፣ እስከ ምስሉ ጥግ ድረስ ፎቶ አንሱት። ካሜራው አውቶፎከስ (ምስሉን በራሱ የሚያጠራበት) ካለው ቀድማችሁ አጥፉ።

አምፖል ሥር ምስሉ ላይ ጥላ መሳይ መስመር ከሄደ፣ የካሜራውን ቅንብር ከ60 ኸርዝ ወደ 50 ቀይሩት። የእኛ መብራት 50 ነው፣ ሲኖር ማለቴ ነው።

የርቀት ሙከራውን ባዶ ነጭ ግድግዳ ላይ አታድርጉ። ሶፍትዌሩ ርቀት የሚያሰላው አንዱን ነጥብ በሁለቱም ምስል ላይ ፈልጎ በማገናኘት ነው፤ ነጭ ግድግዳ ላይ ምኑን ከምኑ ይለየው? የተዝረከረከ መደርደሪያ ይሻላል።