ደመወዝ ጭማሪ ከመጠየቃችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አስሉ

ጭማሪ ልጠይቅ ብሎ የአለቃው በር ላይ የደረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው አንድ ነገር ነው፤ "ኑሮ ተወዷል"። እውነት ነው፣ ተወዷል። ግን አለቃውም ያውቀዋል። እሱም ዘይት ይገዛል፣ እሱም መስከረም ሲመጣ የልጅ ትምህርት ቤት ይከፍላል። "እኔም እኮ ያው ነኝ" ብሎ በትህትና ይሸኛችኋል።

ስለዚህ ምሬት ሳይሆን ቁጥር ይዛችሁ ግቡ። ፔይሮል፣ ማለትም የሠራተኛ ደመወዝ የሚሰላበት ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጭማሪ የተፈቀደላቸውንም ባዶ እጃቸውን የተመለሱትንም አይቻለሁ። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሥራ ጉብዝና አይደለም፣ ዝግጅት ነው።

ይህን የምጽፈው በግል ድርጅት ተቀጥረው ለሚሠሩ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በስኬል ይወሰናል። መስከረም 2018 ላይ ዝቅተኛው ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ሲያድግ ማንም በግሉ ቢሮ ገብቶ ተደራድሮ አይደለም። ለግል ድርጅት ግን ከዚህ በታች አትክፈል የሚል ወለል የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል እንጂ ቁጥር አልቆረጠም። በሌላ አነጋገር የእናንተ ደመወዝ እናንተና አሠሪያችሁ የተስማማችሁበት ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለው እዚህ ጋ በደንብ ይሠራል።

መጀመሪያ እጃችሁ የሚገባውን እወቁ

በጣም ብዙ ሰው ጥቅል ደመወዙን ያውቃል፣ ባንክ የሚገባለትንም ያውቃል፣ በመካከል ያለውን ግን አያውቅም። እዚያ መካከል ነው ድርድሩ የሚበላሸው።

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ያለው የደመወዝ ግብር እንዲህ ነው። እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ደመወዛችሁ ከ14,000 በላይ ከሆነ አቋራጭ አለው፤ ጥቅሉን በ35 በመቶ አባዙና 2,050 ብር ቀንሱለት። ጡረታ ደግሞ 7 በመቶ ከእናንተ፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ነው።

18,000 ብር የሚከፈለውን ሰው እንውሰድ። ግብሩ 4,250፣ ጡረታው 1,260 ነው። እጁ የሚገባው 12,490 ብር። ይህ ሰው 3,000 ብር ተጨመረለት እንበል። 21,000 ሲሆን የተጣራው 14,230 ይሆናል። 3,000 ተጨመረልኝ ብሎ ለቤተሰቡ የተናገረው ሰው ኪሱ የገባው 1,740 ነው።

ከ14,000 ብር በላይ ለምታገኙ ሁሉ ይህ አይለወጥም። ከሚጨመርላችሁ ከየ1,000 ብሩ 580 ነው የሚደርሳችሁ። ስለዚህ ስሌቱን ገልብጡት። በወር 3,500 ብር ጎድሎብኛል ካላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ 3,500 አይደለም። 3,500ን ለ0.58 አካፍሉት፣ ወደ 6,000 ብር ይመጣል። እሱን ነው የምትጠይቁት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። የግብር መደቡ ሲሻሻል ከ14,000 በላይ የሚከፈለው ሰው ግብሩ በ550 ብር ቀንሷል። የሰኔና የሐምሌ 2017 የደመወዝ ወረቀታችሁን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት። ልዩነቱ ካልታየ ሂሳብ ክፍል ሄዳችሁ በጨዋ ደንብ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

ወጪውንም እንዲሁ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ አብሮ ተነሳ። ከዚያ በፊት የተቆረጠ ደመወዝ ዛሬም እዚያው ከሆነ፣ ያው ሥራ እየተሠራ በተግባር ደመወዙ ቀንሷል ማለት ነው። ይህን ለራሳችሁ ለማሳየት የሦስት ወር ወጪ ጻፉ። ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ አስቤዛ፣ ትምህርት ቤት፣ ዕቁብ፣ ዕድር፣ ለቤተሰብ የሚላክ። የስልክ ካርድና የማኪያቶውንም ጻፉት፣ አትፈሩት። ሲጻፍ ነው የትኛው እንደሚቀነስና የትኛው እንደማይነካ የሚለየው።

ኪራይ ላይ ብዙዎቻችን የማንጠቀምበት ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚሠራበት ከተማ፣ አዲስ አበባን ጨምሮ፣ አከራይ በፈለገው ወር ተነስቶ ዋጋ መጨመር አይችልም። ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ ያውም የሚመለከተው አካል ባወጣው ጣሪያ ልክ ነው። ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ውሉን በጽሑፍ አድርጉ፣ አስመዝግቡ። በወር 2,000 ብር የኪራይ ጭማሪ መከላከል ማለት አሠሪያችሁ 3,450 ብር ገደማ ደመወዝ ቢጨምርላችሁ ከምታገኙት ጋር እኩል ነው።

የወጪ ዝርዝሩን ግን ለአለቃችሁ አታሳዩት። እሱ ለእናንተ ነው። ዝርዝሩ የሚነግራችሁ ምን ያህል እንደምትጠይቁ ነው። ለምን እንደሚገባችሁ የሚያሳየው ሥራችሁ ነው።

እድገት ሲመጣ ወዲያው አትፈርሙ

ይህ ክፍል ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ከምንም በላይ የሚጎዳው እዚህ ነው።

ያው 18,000 ብር የሚከፈለው ሰው ትርፍ ሰዓት ይሠራል። ብዙ ድርጅት የወሩን ደመወዝ ለ208 ሰዓት ያካፍላል፣ ስለዚህ የአንድ ሰዓት ዋጋው 86 ብር ተኩል ገደማ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። በወር 20 ሰዓት ቀን ቀን ቢሠራ 2,596 ብር ያገኛል። ከትርፍ ሰዓት ጡረታ አይቆረጥም፣ ግብሩ ብቻ ሲነሳ 1,687 ብር ይቀረዋል።

አሁን "ሱፐርቫይዘር አድርገንሃል፣ 3,000 ብር ጨምረንልሃል፣ ከእንግዲህ ትርፍ ሰዓት የለህም" ተባለ። ከላይ እንዳየነው ከ3,000ው የሚደርሰው 1,740 ነው። የ53 ብር ልዩነት! ለዚያች 53 ብር የአሥር ሰው ኃላፊነት፣ ማታ የሚጮህ ስልክ፣ የቅዳሜ ስብሰባ።

እድገት አትቀበሉ ማለቴ አይደለም። የሥራ ልምድ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የሥራ መደብ ነገ ሌላ ቦታ ዋጋ አለው፣ ለዚያ ሲባል ብቻም መቀበል ያዋጣ ይሆናል። ግን አውቃችሁ ተቀበሉ። ሌላም ጉዳይ አለ። አዋጅ 1156 የሥራ መሪ የሚላቸውን አይሸፍንም። የሥራ መሪ የሚያሰኘው በር ላይ የተለጠፈው ማዕረግ ሳይሆን ሥልጣኑ ነው፤ ሰው መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማሰናበት፣ የድርጅቱን አመራር መወሰን። እንዲህ ዓይነት ሥልጣን ሳይሰጣችሁ "አንቺ እኮ ማናጀር ነሽ፣ ትርፍ ሰዓት አይመለከትሽም" ከተባላችሁ፣ ያ ልክ አይደለም። አዲሱ የሥራ ዝርዝር በጽሑፍ ይሰጠኝ በሉ።

ጥሩ አለቃን በወረቀቱ እወቁት

ፈገግታ፣ ቀልድ፣ በበዓል የሚገዛ ቢራ ጥሩ ነገር ነው። ግን በዚህ አትመዝኑ። አንድ የመጋዘን ኃላፊ አውቅ ነበር። ብዙም አያወራም፣ ሲያዩት እንዲያውም ኮስታራ ነው። ወሩ በገባ በ20 የሠራተኞቹ የትርፍ ሰዓት ፎርም ተሞልቶ ጠረጴዛችን ላይ ነው። ፊርማ የጎደለበት ካለ ስንደውልለት ልጆቹን አይልክም። ራሱ ደረጃውን ወጥቶ ይመጣና ቆሞ ይፈርማል፣ "የሱ ልጅ ታማለች፣ በዚህ ወር እንዳያልፈው" ይላል። በእሱ ሥር ያሉ ሰዎች አንድም ወር ትርፍ ሰዓታቸው አልፏቸው አያውቅም። ፎቅ ላይ ያሉ ሳቂታ ኃላፊዎች ፎርም ደግሞ ፔይሮል ከተዘጋ በኋላ ይደርስና ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል።

ጥሩ አለቃ ለእኔ እንዲህ ነው። የሥራ አፈጻጸም ምዘናውን በጊዜው ሞልቶ ያሳያችኋል። ስህተት ሲፈጠር ስብሰባ ላይ ስማችሁን አሳልፎ አይሰጥም። ዓመት ፈቃዳችሁን፣ ያም በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ እንደ ችሮታ አይሰጣችሁም። ዕውቀቱን አይሰስትም። እንዲህ ያለ ሰው ሥር ከሆናችሁ 1,000 እና 1,500 ብር ስለበለጠ ብቻ አትልቀቁ። በሁለት ዓመት የሚያስተምራችሁ ነገር ኋላ ደመወዝ ሆኖ ይመጣል።

አዲስ ቦታ ለቃለ መጠይቅ ስትሄዱ "ጥያቄ አላችሁ?" ሲባል አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ "ከእኔ በፊት እዚህ ቦታ ላይ የነበረው ሰው አሁን የት ነው?" እዚያው አድጎ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። መልስ ለመስጠት ከተያዩ ግን ከሰፈሩ ሰው፣ ከጥበቃው፣ ቀድሞ ከሠራ ሰው አጣሩ።

ንግግሩ ራሱ

ጊዜ ምረጡ። በጀቱ ሐምሌ 1 በሚጀምር ድርጅት ሐምሌ ላይ መጠየቅ ዘግይቷል፣ ገንዘቡ ተደልድሏል። ሚያዝያና ግንቦት ነው ጊዜው፣ በጀት ሲዘጋጅ። ኮሪደር ላይ አትጠይቁ፣ ሰው ፊት አትጠይቁ። ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ። "ጋሼ፣ ሲመችዎ ሩብ ሰዓት ቢሰጡኝ ስለ ደመወዜ ላነጋግርዎት እፈልጋለሁ" በቂ ነው። ርዕሱን አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማችኋል፣ ድንገት የተያዘ ሰው የሚቀናው እምቢ ማለት ነው።

ከዚያ አጭር ንግግር፦ "ስቀጠር ሥራዬ ዕቃ መመዝገብ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ የጉምሩክ ሰነዱንም የምከታተለው እኔ ነኝ፣ ያ ሥራ ቀድሞ ራሱን የቻለ ሰው ነበረው። 18,000 ብር የተቆረጠልኝ ለመጀመሪያው ሥራ ነው። 24,000 እንዲሆንልኝ እጠይቃለሁ።" ከዚህ በኋላ ዝም በሉ። ዝምታው ሲከብድ "ባይሆን 20ም ቢሆን" ብላችሁ ራሳችሁ አታውርዱት። 6,000 ብር ጭማሪ ለድርጅቱ ከነጡረታው 6,660 ብር እንደሚሆን እወቁ፣ ስለ ወጪ ሲያነሳ በልበ ሙሉነት ታወራላችሁ። የባልደረባችሁን ደመወዝ አታንሱ። እለቃለሁ ብላችሁም አታስፈራሩ፣ በእጃችሁ የተፈረመ ሌላ ቅጥር ከሌለ በቀር።

በጀት የለም ከተባለ በገንዘብ የማይመጣውን ጠይቁ። ሰርቪስ፣ ምሳ፣ የቤተሰብ ሕክምና መድን፣ ሥልጠና። የቀን የታክሲ ወጪ የሚያስቀር ሰርቪስ ግብር ሳይነካው ቀጥታ ኪሳችሁ የሚቀር ገንዘብ ነው። "በስድስት ወር እናየዋለን" ከተባለ ቀኑን ያዙና በማግስቱ በኢሜይል "በተነጋገርነው መሠረት" ብላችሁ ላኩ። የቃል ተስፋ አለቃው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

መልቀቅ ከመጣ

የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ፣ ቅጂው ላይ አስፈርሙ። ሥራው ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ቀሪ ክፍያችሁ፣ ያልወሰዳችሁትም ዓመት ፈቃድ ጭምር ሊከፈላችሁ ይገባል። የሥራ ልምድ ማስረጃ በነፃ ነው፣ ተጣልታችሁም ብትለቁ መብታችሁ ነው።

ደብዳቤውን ከማስገባታችሁ በፊት ግን የቅጥር ቀናችሁን ፈልጋችሁ እዩት። 5 ዓመት ያገለገለና በሥልጠና ምክንያት የማገልገል ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያን ሲሶ። በ5 ዓመት የ70 ቀን ደመወዝ ይሆናል። አራት ዓመት ከአሥር ወር የሆናችሁ ሰዎች፣ አዲሱን አሠሪ ሁለት ወር እንዲጠብቃችሁ ለምኑት።