የወባ ትንኝ መረጃ በስልክ፦ በጎ ፈቃደኞች እንዳይሰለቹ

ጎንደር ውስጥ፣ አዘዞም ሆነ ማራኪ፣ በጎ ፈቃደኞች የትንኝ እጭ በስልክ ፎቶ አንሥተው የሚልኩበትን ሥራ ሲጀምሩ ከሥልጠናው በፊት የዳታውን ወጪ ያስቡ። የሞባይል ካርዱ ሳምንቱ ሳይጀመር ይሰጥ፤ ከኪሱ የሚያወጣ ሰው ብዙ አይቆይም። በፎቶ ብዛት ግን አይክፈሉ፤ አንዱ በርሜል አሥር ጊዜ ይነሣል።

በርሜልና ሮቶ እንዳይዘለሉ። በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ የሚራባው የወባ ትንኝ፣ አኖፌለስ ስቴፈንሲ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኝቷል። ውኃውን በጭልፋ ቀድቶ ነጭ ሳህን ላይ ማፍሰስ፣ እስኪረጋ መጠበቅ፣ የራስን ጥላ ሳያጠሉ ከላይ በቅርበት ማንሣት። ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ የተኛ እጭ የአኖፌለስ ነው፤ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የሌላ ወገን ነው። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፋይል ይሁን፤ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል።

እጭ ያልተገኘበትም ይመዝገብ። ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ፣ ባዶ ውኃ ያገኘ ሰው የለፋው ለከንቱ ይመስለዋል።

ከገንዘብ ይልቅ በጎ ፈቃደኛውን የሚያተጋው መልስ ነው። የላከው ምን እንደሆነ በሳምንት ውስጥ ይነገረው፤ በርሜሉ ሲደፋ ወይም ሲከደንም ይይ። ስልክ ይዞ ግቢ የሚገባ ሰው ስለሚያስጠረጥር፣ መጀመሪያ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ይዙር።